መጠይቅ ከመበተናችሁ በፊት፦ የስፖርት ማኔጅመንትና የአትሌቲክስ ጥናት እንዴት ይሠራል?

ጠረጴዛዬ ላይ ከሚደርሱት የማስተርስ ፕሮፖዛሎች የብዙዎቹ ርዕስ አንድ ዓይነት ነው። «የእንትን ክለብ ተግዳሮቶችና መፍትሄዎች» ይላል። ገጹን ሳልገልጥ ውጤቱን መናገር እችላለሁ። በጀት የለም። የስፖርት መሣሪያ የለም። የሚመለከተው አካል ትኩረት አይሰጥም። ይህን ለማወቅ መጠይቅ መበተን አያስፈልግም፤ የክለቡን ጥበቃ ቆም አድርጎ መጠየቅ ይበቃል።

እኔ ወደ ማስተማሩ ከመግባቴ በፊት የአጭር ርቀት ሯጮችን አሠለጥን ነበር። ዛሬም ጥናት ሳነብ ቀድሞ የሚመጣብኝ የአሠልጣኝ ጥያቄ ነው፦ «ይህን ባውቅ ነገ ልምምድ ላይ ምን እቀይራለሁ?» መልስ ካላገኘሁ ወረቀቱ ምንም ያህል ሠንጠረዥ ቢኖረው አይገባኝም። ስለዚህ የማማክራቸውን ተማሪዎች በዚሁ ጥያቄ ነው የማስጀምራቸው። እናንተንም እንደዚያው።

በመጀመሪያ ጥያቄውን አጥብቡት። «ወጣት አትሌቶች ለምን ያቋርጣሉ?» የሚለው ጥሩ የወሬ መነሻ ነው፤ የጥናት ጥያቄ ግን ገና አልሆነም። እንዲህ ብትሉትስ፦ «ከ13 እስከ 16 ዓመት ካሉ አትሌቶች ውስጥ በአንድ የውድድር ዓይነት ብቻ የተወሰኑት፣ ሩጫም ዝላይም ውርወራም ከሚሞክሩት ይልቅ በሁለት ዓመት ውስጥ በብዛት ያቋርጣሉ ወይ?» አሁን ማንን እንደምትፈልጉ ታወቀ። ምን እንደምትቆጥሩም ታወቀ። መልሱ «አዎ» ከሆነ አሠልጣኙ ልጆቹን ቶሎ በአንድ ዘርፍ ከመወሰን ይቆጠባል። «አይ» ከሆነ ደግሞ ብዙ ሰው እውነት ነው ብሎ የያዘው ነገር ጥርጣሬ ውስጥ ይገባል። ሁለቱም ጥሩ ነው።

በማኔጅመንቱ በኩልም ያው ነው። «የውድድር አመራር ችግሮች» ከማለት፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ የዳኙ በጎ ፈቃደኞች ከልምድ ካለው ዳኛ ጋር ሲጣመሩ በቀጣዩ የውድድር ዘመን የመመለሳቸው ዕድል ይጨምራል ወይ?» በሉ። ውድድር አዘጋጅ የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል፤ ዳኛ ማጣት ምን እንደሆነ ያውቀዋልና።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና አለኝ። ዳታ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሊመጡ የሚችሉትን ውጤቶች በሙሉ ጻፉ። ከየውጤቱ ሥር የምትሰጡትን ምክረ ሐሳብ ጻፉ። በየትኛውም ውጤት ምክራችሁ «ሥልጠና መሰጠት አለበት፣ ግንዛቤ መፈጠር አለበት» ከሆነ ጥያቄውን ጣሉት። ያ ምክር ጥናቱ ሳይሠራም ነበረ።

ከዚያ የየትኛው ዘርፍ ሰው እንደሆናችሁ ወስኑ። የስፖርት ማኔጅመንት ድርጅትን ያያል፦ ክለብን፣ ፌዴሬሽንን፣ ስታዲየምን፣ ስፖንሰርን፣ ገንዘብን፣ በጎ ፈቃደኛን። የአትሌቲክስ ትምህርት ደግሞ ሰው እንቅስቃሴን እንዴት እንደሚማርና እንዴት እንደሚያስተምር ያያል። ማኔጅመንቱ እንደ ትምህርት ዘርፍ ወጣት ነው። የመጀመሪያው የማስተርስ ፕሮግራም የተከፈተው በ1966 በአሜሪካ በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሰሜን አሜሪካው የስፖርት ማኔጅመንት ማኅበር የተቋቋመው በ1985 ነው። ስለዚህ ብዙው ንድፈ ሐሳቡ ከንግድ ትምህርት የተዋሰው ነው። ውሰት በራሱ ነውር የለውም። ግን ትርፍ የማያሳድድን የወጣቶች ክለብ በንግድ ድርጅት መስፈርት ስትለኩ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አለባችሁ። ብዙ ፕሮፖዛል ይህን ዘሎ ያልፋል።

ስለ ንባብ ረጅም አልናገርም። ከርዕሳችሁ ጋር የሚቀራረብ፣ በቅርብ ዓመታት የወጣ አንድ የቅኝት ጽሑፍ ፈልጉ፤ ማለትም የሌሎችን ጥናቶች ሰብስቦ የሚመዝን። ከእሱ ወደ ኋላ ሂዱ፣ የጠቀሳቸውን አንብቡ። ከዚያ ጎግል ስኮላር በሚባለው የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ እሱን የጠቀሱትን ተከትላችሁ ወደ ፊት ሂዱ። ያነበባችሁትን ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ ዞቴሮ በሚባለው የምንጭ ማደራጃ ሶፍትዌር ውስጥ አስቀምጡ፤ ነፃ ነው። ለእያንዳንዱ ጥናት አንድ መስመር ያዙ፦ ማንን አጠኑ፣ በምን ለኩ፣ ምን አገኙ። «በምን ለኩ» የሚለውን አትዝለሉ፣ በኋላ መሣሪያ ስትመርጡ የምትመለሱት ወደዚያ ነው። «በሦስት ቀን ገምግመን እናወጣለን» የሚል ኢሜይል የሚልክላችሁን ጆርናል ደግሞ አትመኑት። ጽሑፍን በወጉ የሚገመግም ሰው በሦስት ቀን አይጨርስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ መለካት። ተማሪዎች ግማሹን ጊዜያቸውን ለርዕስና ለዳራ ይሰጣሉ፤ መሣሪያው ላይ ሲደርሱ ይቸኩላሉ። ጥናት የሚበላሸው ግን በብዛት እዚያ ነው።

የ100 ሜትር ሰዓትን ውሰዱ። ቀላል ይመስላል፣ አይደል? በእጅ የሚያዝ ሰዓት ግን ከኤሌክትሮኒኩ ያጠረ ውጤት ይሰጣል። ምክንያቱ የሰው ልጅ ነው። ሰዓት ያዡ ሽጉጡን ካየ ወይም ከሰማ በኋላ ነው የሚጫነው፣ ስለዚህ ሲጀምር ይዘገያል። ሯጩ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ግን ከሩቅ እያየው ስለሆነ ይገምታል፤ አይዘገይም። ለዚህ ነው በ100 እና በ200 ሜትር የእጅ ሰዓትን ከኤሌክትሮኒክ ጋር ለማነጻጸር 0.24 ሰከንድ መጨመር የተለመደው። የዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ አካልም ከ1977 መግቢያ ጀምሮ እስከ 400 ሜትር ላሉ የሩጫ ክብረ ወሰኖች የኤሌክትሮኒክ ሰዓትን ግዴታ አድርጓል።

ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? ከሥልጠናው በፊት በኤሌክትሮኒክ፣ ከሥልጠናው በኋላ በእጅ ብትለኩ፣ ማንም ሳይፈጥን ሁሉም ፈጥኖ ይታያል። «የስምንት ሳምንት የፍጥነት ልምምድ ውጤት» ብላችሁ የምታቀርቡት የሰዓት ያዡን አውራ ጣት ሊሆን ይችላል። ፎቶ ፊኒሽ (መጨረሻው መስመር ላይ ሰዓቱን በካሜራ የሚይዘው መሣሪያ) ከሌላችሁ ችግር የለም። ነገር ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ዓይነት መንገድ ለኩ። ከተቻለ ሰዓት ያዦቹ ሦስት ይሁኑ፣ መካከለኛውን ውሰዱ። ሰዓት ያዦቹ የትኛው ልጅ በየትኛው ቡድን እንዳለ ባያውቁ ደግሞ የተሻለ ነው።

ነፋሱንም መዝግቡ። በውድድር ሕግ ከኋላ የሚገፋ ነፋስ በሰከንድ ከ2.0 ሜትር ካለፈ የ100 ሜትር ክብረ ወሰን አይጸድቅም። መሣሪያው ራሱም ሊያወዛግብ ይችላል። አሜሪካዊቷ ሯጭ ፍሎረንስ ግሪፊዝ ጆይነር በ1988 ኢንዲያናፖሊስ ላይ 100 ሜትርን በ10.49 ስትሮጥ የነፋስ መለኪያው 0.0 አሳየ። እዚያው ስታዲየም በዚያው ሰዓት የሱሉስ ዝላዩ መለኪያ ግን ኃይለኛ ነፋስ እያነበበ ነበር። ክብረ ወሰኑ ጸድቋል፤ ክርክሩ ግን እስካሁን አልበረደም። በዓለም ታላላቅ ውድድሮች ደረጃ ይህ ከሆነ፣ እናንተ ሜዳ ላይ የያዛችሁትን መሣሪያ ሳትፈትሹ አትመኑ። ያለ ምንም ሥልጠና አንድን ቡድን ዛሬና በሳምንቱ ለኩት። በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት የልኬታችሁ ስህተት ነው። በኋላ የምታገኙት «ለውጥ» ከዚያ ካልበለጠ፣ ለውጥ አገኘን ማለት አትችሉም።

ቀመሮችንም እንዲሁ ጠርጥሩ። የልብ ምት ጣሪያን «220 ሲቀነስ ዕድሜ» ብሎ ማስላት ሁሉም ጋ አለ። በ2001 የወጣው የታናካና የባልደረቦቹ ቀመር ደግሞ «208 ሲቀነስ 0.7 ሲባዛ በዕድሜ» ይላል። ለ20 ዓመት ሯጭ የመጀመሪያው 200፣ ሁለተኛው 194 ይሰጣል። ለ60 ዓመት ሰው ደግሞ ተገልብጦ 160 እና 166 ይሆናል። ሁለቱም የብዙ ሰው አማካይ ናቸው፤ ፊታችሁ የቆመው ልጅ ከሁለቱም ርቆ ሊገኝ ይችላል። የልምምድ ጫናን በልብ ምት የምትመድቡ ከሆነ ከተቻለ ጣሪያውን ራሱን ለኩ።

ወደ መጠይቅ ስንመጣ የማልደራደርበት ነገር አለ። ተፈትኖ ያለፈ መሣሪያ እያለ በአንድ ሌሊት የራሳችሁን ጥያቄዎች አትፍጠሩ። ለምሳሌ የአሠልጣኝን አመራር ለማጥናት ቼላዱራይና ሳሌህ በ1980 ያወጡት መለኪያ አለ። 40 ጥያቄ አለው። አምስት ነገር ይለካል፦ ሥልጠናና ትምህርት አሰጣጥን፣ አሳታፊነትን፣ አምባገነንነትን፣ ማኅበራዊ ድጋፍንና አበረታች ግብረ መልስን። አትሌቱ የሚመርጠውን፣ አትሌቱ የሚያየውን፣ አሠልጣኙ ስለራሱ የሚያስበውን የሚጠይቁ ሦስት ቅጂዎች አሉት። በእኔ እይታ ጣፋጩ ጥናት ያለው በሦስቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው። «እኔ ሁሉንም አማክራለሁ» የሚል አሠልጣኝና «አንድም ቀን ጠይቆን አያውቅም» የሚሉ ሯጮች አንድ ሜዳ ላይ ስታገኙ፣ ጥናታችሁ በራሱ መናገር ይጀምራል።

መሣሪያውን ስትተረጉሙ አንድ ሰው ይተርጉመው፣ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰው። ልዩነቱ ላይ ተነጋገሩ። ከዚያ ከናሙናው ውጭ ላሉ ጥቂት አትሌቶች ስጡና አጠገባቸው ተቀምጣችሁ «ይህን ስታነብ ምን ገባህ?» በሉ። የአልፋ ቁጥር ከማስላት በፊት ይህን አድርጉ። ስለ አልፋ ካነሳን፣ ክሮንባክ በ1951 ያቀረበው ይህ ቁጥር ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን እንጂ ትክክለኛውን ነገር መለካታቸውን አይነግራችሁም። «0.70 አልፏል፣ ስለዚህ መሣሪያው ተገቢ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በዲፌንስ (ጥናታችሁን በፈታኞች ፊት በምታቀርቡበት) ቀን ቢያስጨንቃችሁ አይግረማችሁ። ጥያቄዎቹ ጥቂት ሲሆኑ አልፋው ዝቅ እንደሚልም አስታውሱ፤ እዚያው መለኪያ ውስጥ የአምባገነንነቱ ክፍል 5 ጥያቄ ብቻ ነው ያለው።

ሌላው፣ መጠይቁ ሲሞላ አሠልጣኙ አይኑር። እንዲያውም ወረቀቱን እሱ አይሰብስብ። ስለ አሠልጣኝ እየጠየቃችሁ መልሱን በአሠልጣኙ እጅ ከተቀበላችሁ ሁሉም አሠልጣኝ መልአክ ሆኖ ይወጣል። የተዘጋ ሳጥን ወይም የታሸገ ፖስታ ተጠቀሙ።

ናሙና ላይ ብዙዎች የያማኔን ቀመር ይወዱታል። ጠቅላላ ቁጥሩን አስገብቶ የሰው ብዛት ማውጣት ነው። 400 አትሌት ካለ፣ በ5 በመቶ ስህተት 200 ይላችኋል። ቁጥሩ ያምራል። ግን ቀመሩ ሰዎቹን ከጠቅላላው ዝርዝር በዕጣ እንደምትመርጡ ነው የሚያስበው። እናንተ ግን ሦስት ክለብ ሄዳችሁ የተገኘውን ሁሉ ነው የምታስሞሉት። በአንድ አሠልጣኝ ሥር ያሉ ሯጮች አንድ ዓይነት ልምምድ፣ አንድ ዓይነት ሜዳ፣ አንድ ዓይነት ቁጣ ይጋራሉ። መልሳቸው ይመሳሰላል። ስለዚህ 200 ወረቀት ቢኖራችሁም 200 ራሱን የቻለ መረጃ የላችሁም። ከአንድ ክለብ ብዙ ሰው ከመውሰድ ከብዙ ክለብ ጥቂት ሰው መውሰድ ይሻላል። ትንተናውም ክለቡን ከግምት ያስገባ።

ያቋረጡ አትሌቶችን ለማጥናት አሁን ሜዳ ላይ ያሉትን የሚጠይቅ ተማሪ ዘንድሮም አልጠፋም። ያቋረጡት እኮ እዚያ የሉም! የቆየ የምዝገባ መዝገብ ፈልጉ፣ የወጡትን ፈልጋችሁ አግኙ። አድካሚ ነው። በአግባቡ የተገኙ 20 ያቋረጡ ልጆች ግን ስለነሱ ከሚገምቱ 200 ሯጮች ይበልጡብኛል።

ልጆችን የምታጠኑ ከሆነ የትውልድ ቀናቸውን ሙሉ በሙሉ መዝግቡ፣ ዓመቱን ብቻ አይደለም። በአንድ የዕድሜ ምድብ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተወለዱት ከመጨረሻዎቹ ጋር ሲነጻጸሩ እስከ አንድ ዓመት ገደማ የዕድገት ብልጫ አላቸው። በብዙ ስፖርቶች የወጣት ቡድኖች በእነዚህ ልጆች የሚሞሉትም ለዚህ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ የጉርምስና ዕድገት ነው። ቁመት በፍጥነት የሚመነጠቀው በአማካይ ሴቶች 12፣ ወንዶች 14 ዓመት አካባቢ ነው። የ13 ዓመት ወንዶችን 12 ሳምንት አሠልጥናችሁ ዝላያቸው ቢጨምር፣ ልምምዱ ነው ወይስ ዕድሜው? የንጽጽር ቡድን ከሌላችሁ መልስ የላችሁም።

«ልጆቹን ከልምምድ መከልከል ያሳዝናል» ይሉኛል። ያሳዝናል፤ ስለዚህ አትከልክሉ። ሁለተኛውን ቡድን የተለመደውን ልምምድ አሠሩት፤ ጥናቱ ሲያልቅ አዲሱን ፕሮግራም ስጡት። ማን መጀመሪያ እንደሚጀምር ግን ዕጣ ይወስን። ደካሞቹን ብቻ መርጣችሁ «አሻሻልናቸው» ከማለትም ተጠበቁ። በአንድ መጥፎ ቀን ዝቅተኛ ያመጣ ልጅ ምንም ባታደርጉለት እንኳ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ራሱ አማካይ ይመለሳል።

የክለብ ወይም የፌዴሬሽን ኃላፊን ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ «መልካም አስተዳደር አላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አዎ» ነው መልሱ። «ለመጨረሻ ጊዜ ለውድድር አትሌት ስትመርጡ ማን ምን አለ? ማን ወሰነ? ቅሬታ መጣ?» በሉ። አንድ የተከናወነ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲተርክ ሰው መሸፋፈን ይከብደዋል። ከዚያ ቃለ ጉባኤውን ጠይቁ። ወሬውና ወረቀቱ ሲለያዩ አትደንግጡ፤ ያ ግኝት ነው፣ ጻፉት።

ስም መደበቅ ብቻውን ሚስጥር አይጠብቅም። የአትሌቲክስ ሰፈር ጠባብ ነው። «ቀድሞ የ10,000 ሜትር አሸናፊ የነበረች፣ አሁን ምክትል ፕሬዚዳንት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ስሟን ከመጻፍ አይለይም። ዝርዝሩን አደብዝዙት፣ ረቂቁንም ለራሷ አሳዩዋት።

ሥነ ምግባሩ ላይ በሰው ላይ ስለሚደረግ ጥናት የወጣውን የ1964ቱን የሄልሲንኪ መግለጫ ሁሉም ይጠቅሳል። ሜዳ ላይ ሲወርድ ግን አሠልጣኙ «ሁሉም ፈቃደኛ ናቸው» ይላችኋል። አሠልጣኝ ስለ ልጅ አይፈቅድም። ወላጅ ወይም አሳዳጊ በጽሑፍ ይፈቅዳል፤ ልጁም ራሱ ይጠየቃል። ልጁ እምቢ ካለ የወላጁ ፊርማ አያስገድደውም። እምቢ በማለቱም ከቡድን እንደማይቀነስ አሠልጣኙ ባለበት ተናገሩ።

ትንተና ላይ አጭር ልሁን። ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት የእያንዳንዱን አትሌት የፊትና የኋላ ውጤት በመስመር አገናኝታችሁ ሣሉት። አማካይ የደበቀው ብዙ ነገር እዚያ ይታያል፤ አንዱ በጣም ሲያድግ ሌሎቹ ባሉበት ቀርተው ሊሆን ይችላል። ፒ የሚባለው የስታትስቲክስ ቁጥር (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት የመገኘቱ ዕድል) ከ0.05 ማነሱን ብቻ ሳይሆን ለውጡ በሰከንድና በሴንቲ ሜትር ስንት እንደሆነ ጻፉ። አሠልጣኝ ፒን አይሮጥም። ሶፍትዌር መግዛት የማትችሉ ጃስፕንና ጃሞቪን ሞክሩ፤ ነፃ ናቸው፤ ለማስተርስ ሥራ ከበቂ በላይ ናቸው።

የጥናቱን ውሱንነት ስትጽፉ «የጊዜና የገንዘብ እጥረት» አትበሉ። የማን እጥረት የለበትም? ይልቅ «ሰዓቱ በእጅ የተያዘ ስለሆነ ከ0.2 ሰከንድ በታች ያለ ልዩነት ላይ መደምደም አንችልም» በሉ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሳነብ ተማሪው ሥራውን እንደሚያውቅ ይገባኛል፤ ፈታኝ ሆኜ ስቀመጥም ጥያቄዬ ይለዝባል።

ምክረ ሐሳባችሁ አድራሻ ይኑረው። «የሚመለከተው አካል» ስትሉ ማንንም አልጠራችሁም። «የወጣቶች ዋና አሠልጣኝ»፣ «የውድድር ኮሚቴ» ብላችሁ ጻፉ። ከዲፌንሱ በኋላ ደግሞ ውጤቱን በአንድ ገጽ፣ ያለ ስታትስቲክስ ቃላት ጻፉና ወደ ክለቡ ውሰዱት። ለአትሌቶቹም አንብቡላቸው። ብዙ ክለብ ለተመራማሪ በሩን የሚዘጋው ከዚህ በፊት የመጡት ዳታ ወስደው ስለጠፉ ነው። ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣ ተማሪ አለ። የዳታውን ፋይል ስምና ስልክ አጥፍታችሁ፣ የእያንዳንዱን ዓምድ ትርጉምና የለካችሁበትን መንገድ በአንድ ገጽ አስረድታችሁ ለትምህርት ክፍሉ አስቀምጡለት። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያኑ ሯጮች እንደገና መለካት የሚችለው ያን ጊዜ ነው።